የምርምር ኢንተርንሺፕ፦ የሰበሰባችሁት መረጃ የማን ነው?

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር አንድ ድርጅት ውስጥ ለሦስት ወር "የምርምር ኢንተርን" ነበርኩ። ሥራዬ የተቀዱ ቃለ መጠይቆችን እያዳመጥኩ መጻፍ ነበር። የአንድ ሰዓት ድምፅ በትንሹ አራት ሰዓት ይበላል። ከጀርባ ዶሮ ከጮኸ ወይም ዝናብ ቆርቆሮውን ከደበደበ ስድስት ሰዓትም ይሄዳል። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ከእነዚያ ቃለ መጠይቆች ስምንቱን ለመመረቂያ ጽሑፌ ልጠቀምባቸው ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ አይቻልም።

ያኔ ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን መነሣት የነበረበትን ጥያቄ በሦስተኛው ወር አነሣሁት። ይህ ጽሑፍ በማኅበራዊ ሳይንስ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩ ሰዎች የሚገቡበት ኢንተርንሺፕ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንደሚሰጥና ማን ምን እንደሚወስድ ለማስረዳት ነው።

ለመሆኑ የምርምር ኢንተርንሺፕ ምንድን ነው?

ኢንተርንሺፕ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ሴሚስተሩን ፋብሪካ ወይም ኮንስትራክሽን ሳይት ላይ አሳልፎ፣ ሪፖርት አስገብቶ፣ ውጤት ይሰጠዋል። የቴክኒክና ሙያ ተማሪው ደግሞ አፓረንት (የሥራ ላይ ልምምድ) ይወጣል። ሁለቱም የትምህርቱ አካል ስለሆኑ ማን እንደሚልካቸው፣ ማን እንደሚቆጣጠራቸው ይታወቃል።

የሶሲዮሎጂ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የሶሻል ወርክ ወይም የፖለቲካ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚገባበት የምርምር ኢንተርንሺፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ነው። ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር፣ አንድ የምርምር ተቋም ወይም የጥናት ክፍል ያለው ድርጅት ውስጥ ይቀመጥና በሌላ ሰው በተነደፈ ጥናት ላይ ይሠራል። በምትኩ ጥናት ከሐሳብ ተነሥቶ ሪፖርት እስኪሆን ድረስ ያለውን መንገድ ከውስጥ ያያል። ቢያንስ የታሰበው ይህ ነው።

ኢንተርን ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ይምታታል። አንደኛው መረጃ ሰብሳቢ ነው። እሱ በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው፤ መጠይቁ የተጫነበት ታብሌት ይሰጠዋል፣ የተመደበለትን ቤት ብዛት ይጨርሳል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው ረዳት ተመራማሪ ነው፤ ደመወዝና የሥራ ውል አለው። ኢንተርኑ በመሃል ይቀመጣል። ችግሩ የሚመጣው የመረጃ ሰብሳቢን ሥራ እየሠራ የኢንተርን ስም ብቻ ሲሰጠው ነው። መለያው ቀላል ይመስለኛል፦ "ይህ ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ የገባው ለምንድን ነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ ሰው ካለ ኢንተርን ናችሁ። "አንተ ዝም ብለህ ሙላ" ከተባላችሁ መረጃ ሰብሳቢ ናችሁ፤ የመረጃ ሰብሳቢ ክፍያ መጠየቅም ትችላላችሁ።

ከሌላው ትምህርት በምን ይለያል?

የኬሚስትሪ ተማሪ ላቦራቶሪ ይገባል፣ በሩን ዘግቶ ይወጣል። የማኅበራዊ ሳይንስ ላቦራቶሪ የሰው ቤት ነው። እንግድነት አለው፣ የቡና ሰዓት አለው፣ የሚያፍሩበትና የሚደብቁት ነገር አለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተለፋባቸው ትልልቅ ጥናቶች አሉ። የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት በ15 የገጠር ማኅበረሰቦች ውስጥ ያሉ ከ1,400 በላይ ቤተሰቦችን ለዓመታት እየተመላለሰ ጠይቋል። "ያንግ ላይቭስ" የሚባለው ጥናት በአራት አገሮች ማለትም በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም በአጠቃላይ 12,000 ገደማ ልጆችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲከታተል፣ 3,000ዎቹ የኛ ልጆች ናቸው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ዳሰሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011/12 ጀምሮ አምስት ዙር ሄዷል።

እንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ የኢንተርን እጅ የት ላይ ይጠቅማል? አንድ ምሳሌ ልውሰድ፤ በእኔ ግምት የዚህ ሙያ ዋና ቁም ነገር እዚህ ነው ያለው።

የቤተሰብ ዳሰሳ ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ "በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?" የሚል ነው። ጥናቱን የነደፈው ሰው በአእምሮው የያዘው አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩና ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎችን ነው። በአማርኛ ግን ቤተሰብ ሲባል እናትየዋ ቤሩት ያለችውን ልጇን ቀድማ ትቆጥራለች፤ ገንዘብ የምትልከው እሷ ናት፣ እንዴት ትቀራለች? በአንጻሩ ጓዳ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረውን ሠራተኛ አትጠራም። በጥናቱ ትርጉም ልጅቷ አትቆጠርም፣ ሠራተኛዋ ትቆጠራለች። በእናትየዋ ትርጉም ተቃራኒው ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው አንድ ቤት ላይ አንድ ሰው ቀንሶ አንድ ሰው ቢጨምር ድምሩ ልክ ይመስላል። ነፍስ ወከፍ ፍጆታው፣ የሴቶች ሥራ ሰዓቱ፣ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ግን ሁሉም ተዛብቷል።

ይህን የሚይዘው ቋንቋውንም ዘዴውንም የሚያውቅ ሰው ነው። ጥሩ ኢንተርን መጠይቁ ከመታተሙ በፊት "ይህ ቃል እንዲህ ተብሎ ቢጠየቅ ሰው የሚረዳው ሌላ ነው" ብሎ ሲናገር ከአንድ ወር የታብሌት ሥራ የበለጠ ዋጋ አለው። ስለዚህ ከተቻለ ኢንተርንሺፑ መጠይቁ ከሚሞከርበት ደረጃ ይጀምር። ተቋማት ግን ብዙ ጊዜ ኢንተርን የሚጠሩት ሥራው ሲከመርባቸው፣ ማለትም የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥና መረጃ ሲጣራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ከቤት ወደ ቤት መዞር ቆሞ ብዙ ጥናት ወደ ስልክ ተዛወረ። በኋላም በየአካባቢው በተነሡት ግጭቶች ምክንያት መሄድ የማይቻልባቸው ቦታዎች በረከቱ። ስልክ ርካሽ ነው፤ ግን ስልክ ያለውን ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። የምትገቡበት ጥናት በስልክ ከሆነ "ስልክ የሌላቸው ሰዎች በምን ተተኩ?" ብላችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ መረጃው የማን ነው?

የእኩል እርሻን አስቡ። አንዱ መሬት አለው፣ በሬ የለውም። ሌላው በሬና ጉልበት አለው፣ መሬት የለውም። ይስማማሉ። ክፍፍሉ የሚነገረው ግን ምርቱ አውድማ ላይ ሲቆም አይደለም፤ ዘር ሳይዘራ ነው። እኩል ነው ወይስ ሲሶ? ዘሩ ከማን ነው? ዘር ይነሣል ወይስ አይነሣም? ጭዱስ ለማን? ይህን ሁሉ አውድማ ላይ የሚያነሣ ሰው ሽማግሌ ያስፈልገዋል።

የምርምር ኢንተርንሺፕም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ በሬውንና ዘሩን ያመጣል፦ ገንዘቡን፣ የጥናቱን ንድፍ፣ ፈቃዱን፣ መኪናውን። እናንተ ጉልበት ታመጣላችሁ። መሬቱ የማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሬቱ የድርጅቱም የናንተም አይደለም። ባለቤቱ የተናገረው ሰው ነው።

ያ ሰው ቃለ መጠይቅ ከመጀመሩ በፊት የሚነበብለት የፈቃድ ቃል አለ። "የሚሰጡት መልስ ለዚህ ጥናት ብቻ ይውላል፤ ከጥናቱ ቡድን በቀር ማንም አያየውም" የሚል ከሆነ፣ ድርጅቱ ቢፈልግ እንኳ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሊሰጣችሁ አይችልም። ሰውዬው ለዚያ እሺ አላለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድም የተሰጠው ለተጻፈው ዓላማ ነው። እኔ የተከለከልኩት በዚህ ምክንያት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያስረዳኝ ግን አልነበረም።

ሕጉም ወደዚሁ እየመጣ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የተሰበሰበበት ዓላማ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ጤናን፣ ብሔርንና ሃይማኖትን የመሳሰሉ መረጃዎችን ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ይመድባል። የማኅበራዊ ሳይንስ መጠይቅ ደግሞ ያለ እነዚህ አይሞላም ማለት ይቻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በበኩሉ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ መሆኑን ይደነግጋል። ኢንተርን ተቀጣሪ ነው አይደለም የሚለው ራሱ ክርክር ስለሚያስነሣ፣ አንድ ገጽ ስምምነት ከሁሉም ይሻላል።

ታዲያ ተማሪው ባዶ እጁን ይመለስ? አይደለም። ቀድሞ ከተነገረ ቢያንስ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው፣ የፈቃድ ቃሉ ሲጻፍ "መልስዎ ስምዎ ሳይጠቀስ ለተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍም ሊውል ይችላል" የሚል መስመር ማስገባት ነው። አንድ መስመር ነው፤ ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ አይገባም። ሁለተኛው፣ የራስን ሁለት ሦስት ጥያቄ መጠይቁ ላይ ማስጨመር ነው። ሦስተኛውን እኔ "ጭዱን መጠየቅ" እለዋለሁ። ድርጅቱ እህሉን ይፈልጋል፤ ለሪፖርቱ የማይጠቅመውን አይፈልግም። መልስ ለመስጠት እምቢ ያሉት ቤቶች የትኞቹ ናቸው? ወንድ ጠያቂና ሴት ጠያቂ ያገኙት መልስ ይለያያል? እነዚህ የሰው ምስጢር አያወጡም፣ ድርጅቱ አይጽፍባቸውም፣ ጥሩ ቴሲስ ግን ይወጣቸዋል።

ስሜ ይወጣል?

በሪፖርት ላይ ስም የሚወጣበት ቦታ ሁለት ነው፦ ከርዕሱ ሥር ወይም በምስጋናው ገጽ። ድምፅ መገልበጥና መጠይቅ መሙላት ብቻውን ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው የሚያስገኘው። ትንታኔው ውስጥ ሐሳብ ከሰጣችሁ፣ አንድ ክፍል ከጻፋችሁ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ፣ በዋናነት በተማሪ የዶክትሬት ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ መጣጥፍ ሲወጣ፣ ከልዩ ሁኔታ በቀር ተማሪው ቀዳሚ ጸሐፊ ሆኖ እንዲጠቀስ ይላል። መምህሩ ስለሆንኩ ስሜ ይቅደም የሚል ሰው ሲያጋጥም የሚጠቀስ ነው። ኢኮኖሚክስ ውስጥ ደግሞ ልማዱ በፊደል ቅደም ተከተል መጻፍ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለእኛ ሌላ ጣጣ አለው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ መጽሔት በራሳችን ስም፣ ሌላው በአባታችን ስም ይመዘግበናል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንድ ጊዜ በአንድ ድምፅ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ይሆናል። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሦስት ተመራማሪ ሆኖ ይገኛል። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑ፤ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርም አውጡ፣ በነጻ ነው።

ይከፈላል?

ብዙ ጊዜ አይከፈልም፣ ወይም ትራንስፖርትና ምሳ ብቻ ነው። ፊልድ ሲወጣ የውሎ አበል ይኖራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል፤ በሽፋኑ ውስጥ ለይቶ የሚያስቀረው የሙያ መልመጃ ውልን ብቻ ነው። የግሉን ዘርፍ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም የለም። ስለዚህ ኢንተርኑ የሚደገፍበት ሕግ ሳስቶ ነው የሚያገኘው።

ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ተቋማትም አንድ ዓይነት አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጽሕፈት ቤት ኢንተርኖች አይከፈላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም በዚያው ደንብ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ውስጥ አንድ የኒውዚላንድ ወጣት ኢንተርን ኪራይ ስላልቻለ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ መተኛቱ ዜና ሆኖ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት ግን ለኢንተርኖቹ ይከፍላል፤ የዓለም ባንክም ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚሰጠው ኢንተርንሺፕ በሰዓት የሚከፈል ነው።

ነጻ ሥራ መሥራት የሚችለው ቤተሰቡ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከወልዲያ መጥቶ ቤት የሚከራይ ተማሪ ሦስት ወር ያለ ገቢ መቀመጥ ዕዳ ነው። ይህ የሞራል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጥናቱን ጥራትም ይነካል። የገጠሩን አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ አሳምሮ የሚያውቀው፣ ቅድም ያልነውን የ"ቤተሰብ" ልዩነት የሚይዘው ልጅ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አሜሪካ የሚማር ተማሪስ?

ዜግነት፣ ግሪን ካርድ ወይም ሌላ የሥራ ፈቃድ ያለው ይህን ክፍል ሊዘልለው ይችላል። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ያለ ግን ይስማ።

በትምህርት ጊዜ ካምፓስ ውጭ የሚደረግ ኢንተርንሺፕ ሲፒቲ የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል። ሥራው ከትምህርት ፕሮግራሙ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ በአብዛኛው አንድ የትምህርት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የሚሰጠው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ከጅምሩ የሚያስገድድ ካልሆነ። ፈቃዱ ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው አይ-20 የሚባል የተማሪ ቅጽ ላይ ሳይመዘገብ አንድ ቀንም መሥራት አደጋ ነው። "አይከፈለኝም" ማለት ሁልጊዜ አያድንም። አሥራ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ጊዜ ሲፒቲ የሠራ ሰው ደግሞ በዚያ የትምህርት ደረጃ ኦፒቲውን ያጣል። ከምረቃ በኋላ የሚጠበቀው የአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ ማለት ነው፤ በበጋ በበጋው ሲጠራቀም ሳይታወቅ ይሞላል።

ሌላው የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሚቆጭበት ኦፒቲ ላይ የሚሰጠው የ24 ወሩ ጭማሪ ነው፤ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች ብቻ ነው። ግን ዝርዝሩን እዩት። ኢኮኖሜትሪክስና ቁጥር ተኮር ኢኮኖሚክስ ውስጡ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የማኅበራዊ ሳይንስ የምርምር ዘዴዎችና የቁጥር ትንታኔ የሚለው ዘርፍ ተጨምሯል። ወሳኙ የትምህርት ክፍሉ ስም ሳይሆን አይ-20 ላይ ያለው የፕሮግራም ኮድ ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከኢንተርንሺፑ በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ።

የት ይገኛል?

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የተሻለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በ1980 የተቋቋመው ኦስሪያ (የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት)፣ በ1998 የተመሠረተው ፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት፣ የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል፣ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ፤ ሁሉም እዚሁ ናቸው። ሁሉም በየጊዜው ቦታ አላቸው ማለት አይደለም። ብዙው ቦታ ማስታወቂያ አይወጣበትም፤ በአድቫይዘር አፍ ነው የሚሄደው።

ቦታው ጠብቧልም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ተዘግቶ በዓለም ዙሪያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎችን የሚደግፈው ፕሮግራም ተቋረጠ። የኛ የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016 (እ.ኤ.አ.) ዳሰሳዎች በዚያ ድጋፍ የተሠሩ ናቸው። ገንዘቡ ሲቆም አብሮ የሚቆመው ሪፖርቱ ብቻ አይደለም፤ ተማሪ የሚለምድበት ፊልድም ነው።

ስለዚህ "ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ" የሚል ደብዳቤ አትላኩ። ቅድም ያነሣሁት የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ዳሰሳ መረጃ ተመዝግቦ በነጻ የሚወርድ ነው። አውርዳችሁ ስታታ ወይም አር በሚባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች አንድ ትንሽ ጥያቄ መልሱ፣ ለምሳሌ በናንተ ክልል ማዳበሪያ የሚጠቀሙ ቤቶች ምን ይመስላሉ? ሁለት ገጽ ጻፉ። ያችን ሁለት ገጽ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ጋር ስትልኩ ተቀባዩ የሚያየው ለማኝ ሳይሆን ሥራ የጀመረ ሰው ነው።

እሺ ከተባላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፦ ማን እንደሚቆጣጠራችሁ፣ ከመረጃው የትኛውን ለምን መጠቀም እንደምትችሉ፣ ስማችሁ የት እንደሚወጣ፣ ፊልድ ላይ ብትታመሙ ወጪው የማን እንደሆነ። የምስክር ደብዳቤውን ደግሞ የመጨረሻው ሳምንት ሳይመጣ ጠይቁ፤ የተቆጣጣሪያችሁም ውል ከናንተ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ስትወጡ የተቀዳውን ድምፅ ሁሉ አስረክባችሁ ከስልካችሁ አጥፉት፤ ቴሌግራም ላይ ለጓደኛ የላካችሁት ቅጂም ካለ እሱም ይጥፋ።